የታቦር ድምፅ፤ በደብረ ታቦር አገር የመስማት ትምህርት ታሪክ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ያዩት ነገር ብዙ ነበረ። ፊቱ እንደ ፀሐይ ሲያበራ፣ ልብሱም እንደ ብርሃን ሲነጣ፣ ሙሴና ኤልያስም ከእርሱ ጋራ ሲነጋገሩ አይተዋል። ከደመናው የመጣው የአብ ቃል ግን ስላዩት ነገር አንዳች ትእዛዝ አልሰጠም፤ ያዘዛቸው ልጁን እንዲሰሙት ነው። ደግሞም ድምፁ የመጣው ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ስለ መሥራት ገና ሲናገር ሳለ ነው። ስለዚህ በታቦር የተሰጠው ትምህርት በሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያው ዝም ማለት ነው፣ ሁለተኛው መስማት ነው። ያልመጣውን ድምፅ በግድ ማምጣት የሚችል የለም፤ የመጣውን ግን በራሱ ንግግር የሚሸፍነው ሰው ብዙ ነው።

የዚህን ተራራ ስም የተሸከመችው ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በራስ ጉግሣ ዘመን እንደ ተቈረቈረች ይነገራል። እስከ ራስ ዓሊም ድረስ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ኖራለች። ከተማይቱ ያለችበት ደጋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ ነው፤ ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞችም የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ወደ ጣና ባሕር ይገባሉ። መሳፍንትና ነገሥታት በዚህ አገር ተቀምጠው ብዙ ዐዋጅ ነግረዋል፤ ብዙ ነጋሪትም አስመትተዋል። ነገር ግን የአገሩ ታሪክ በዐዋጅ ብቻ አይፈጸምም። ከነጋሪቱ በታች ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም ሕዝቡና ካህናቱ የእግዚአብሔርን ድምፅ በዕለት ኑሮ ውስጥ ለመስማት ጆሮአቸውን እንዴት እንዳስተማሩ የሚናገረው ነው።

ይህ ትምህርት በልጅነት ይጀምራል። በነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ እረኞች ጅራፍ ገምደው በየኮረብታው ላይ ያጮኻሉ፤ ማታም ችቦ ይበራል፤ በየቤቱም ሙልሙል ዳቦ ይጋገራል። አባቶች ይህን ሲተረጕሙ ችቦው በታቦር የታየው ብርሃን፣ የጅራፉም ጩኸት ደቀ መዛሙርትን ያስደነገጠው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። ሙልሙሉም በተራራው ሥር ብርሃኑን አይተው በሜዳ ለዘገዩ እረኞች ቤተ ሰዎቻቸው ስንቅ ይዘው የመውጣታቸው መታሰቢያ ነው ይላሉ። እንግዲህ ፊደል ያልቈጠረ የጉና እረኛ እንኳ ከነገረ መለኮት አንዱን ምዕራፍ በእጁ ይዞ ያድጋል። ጅራፉን በሚያጮኽበት ጊዜ ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ይህ መጠበቅ ለሚመጣው ትምህርት ሁሉ መግቢያ ነው።

ከእረኝነት ወደ ቄስ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ደግሞ ሌላ የመስማት ሥርዓት ያገኛል። ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ ድምፅ ጠራው፤ እርሱ ግን መምህሩ ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሮጠ። የጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስታወቀው ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊቃውንት የሚያስተውሉት ነገር አለ። ድምፁን የሰማ ልጁ ነው፤ ድምፁ የማን እንደ ሆነ ያወቀው ግን መምህሩ ነው። ልጁ ያለ መምህሩ ቢሆን ኖሮ የሰማውን ባላወቀ ነበር፤ መምህሩም ያለ ልጁ ቢሆን ኖሮ ድምፁን ባልሰማ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም በዚህ ሥርዓት የቆመ ነው። ተማሪው በማታ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የቃል ትምህርቱን ያለ መጽሐፍ ይቀበላል፤ የኔታም ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የጠፋ ሲሆን ከተማሪው አፍ የወጣችውን አንዲት የተሳሳተች ዜማ ከብዙ ድምፅ መካከል ለይተው ያርማሉ።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድም የተማረው እንዲሁ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ቅዱስ በልጅነቱ ትምህርት ከብዶት ከመምህሩ በሸሸ ጊዜ በዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ሲሞክርና ደጋግሞ ሲወድቅ በመጨረሻም ሲወጣ እንዳየ ገድሉ ይናገራል። ከዚህ በኋላ ወደ መምህሩ ተመለሰ። በኋላም ከገነት በመጡ ሦስት አዕዋፍ አማካይነት ሰማያዊውን ዜማ እንደ ሰማ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትንም ሦስቱን የዜማ ስልቶች እንዳቆመ ይነገራል። ቅደም ተከተሉ ሊስተዋል ይገባል። አስቀድሞ የትሏን ትዕግሥት አየ፤ በኋላ የአዕዋፉን ዜማ ሰማ። በምድር ላይ በምትሳብ ትል ያልተማረ ሰው ከሰማይ የሚመጣውን ዜማ ቢሰማም እንኳ መያዝ አይችልም ነበር።

ይህ ዜማ ለብዙ መቶ ዓመት ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ ኖረ። የዜማው ምልክት የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት ከደረሰው የመጻሕፍትና የአብያተ ክርስቲያናት ጥፋት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ሆነ ሊቃውንት ይተርካሉ። ከዚያ አስቀድሞ የተማሪው ጆሮ ብቻ መጽሐፍ ነበረ። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ስማቸው በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀው ይህን ከአባቶች የተሰማውን ሳያጐድሉና ሳይጨምሩ ስለ ጠበቁ ነው። ከሩቅ አገር በእግሩ ተጕዞ ወደነዚህ ቦታዎች የሚመጣው ተማሪ ሊያስመሰክር የሚመጣው ድምፁ ያማረ መሆኑን አይደለም፤ በትክክል የሰማ መሆኑን ነው እንጂ።

ተማሪው በዚህ ሁሉ ዘመኑ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ እየቆመ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ዝናብ ይመታዋል። ይህ ልመና ለተማሪው ትሕትናን ማስተማሪያ ሲሆን ለባለ ቤቲቱም ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ባለ ቤቲቱ በቅዳሴ ጊዜ የሚነበበውን ግዕዝ ሁሉ ታውቀዋለች አይባልም፤ ነገር ግን በደጇ ቆሞ የሚጠራት ያ የተማሪ ድምፅ የማን ድምፅ እንደ ሆነ ታውቃለች። ተነሥታ ከልጆቿ ድርሻ ቆርሳ በሰጠች ጊዜ ለታናናሾቹ የተደረገው ለእርሱ እንደ ተደረገ ጌታ የተናገረውን ፈጸመች። የጋይንትና የደብረ ታቦር ጉባኤ ቤቶች የቆሙት በሊቃውንቱ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በማንኛውም መጽሐፍ ባልተጻፈ በእነዚህ የሚሰሙ እናቶች ጭምር ነው።

ይህ የመስማት ትምህርት እጅግ የተፈተነበት ጊዜ ደግሞ ነበረ። በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊ በአይሻል ድል ከሆኑ በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። ንጉሠ ነገሥቱ በልጅነታቸው በገዳም የተማሩ፣ የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ታላቅ አሳብ የነበራቸው ሰው ናቸው። ደብረ ታቦርን ዋና ከተማቸው አደረጉ፤ በአጠገቧም ባለው በጋፋት ወንጌል ለማስተማር ከአውሮፓ የመጡትን ባለ እጆች አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ። በዚያው ዓመት ግን ጎንደር ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተዘረፉ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በመቅደላ እንደ ታሰሩ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ያን መድፍ በብዙ ሰው ጕልበት እያስጐተቱ፣ በጋይንትና በወድላ ደላንታ መንገድ እያስጠረጉ፣ ጥልቁን የበሽሎን ሸለቆ አሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ አምባ ላይ በራሳቸው እጅ ዐረፉ። መድፉም እስከ ዛሬ በመቅደላ ላይ አለ። በጋፋት የተደከመለት ያ የነጐድጓድ ድምፅ አገርን አላዳነም፤ የተራቀውንም ሕዝብ ወደ ንጉሡ አልመለሰም።

ይህ የተጻፈው በታላቁ ንጉሥ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን በታቦር ከጌታ ጋራ ከቆሙት ከሁለቱ ነቢያት አንዱ ኤልያስ እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ቆሞ ሳለ ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ አለፈ፤ የምድር መናወጥም ሆነ፤ እሳትም ነደደ። እግዚአብሔር ግን በእነዚህ በአንዳቸውም አልነበረም። ከሁሉ በኋላ በመጣው በቀጭኑ፣ በዝግተኛው ድምፅ ነቢዩ ፊቱን ሸፈነ። ሙሴ በሲና በነጐድጓድ መካከል ሰማ፤ ኤልያስ በዝምታ ውስጥ ሰማ። ስለዚህ እግዚአብሔር በነጐድጓድ አይናገርም ማለት ስሕተት ነው፤ በነጐድጓድ ብቻ ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙውን ቃል ሳይሰማ ያልፋል።

በጋፋት የመድፍ ብረት በሚቀልጥበት በዚያው ትውልድ፣ ከደብረ ታቦር ሩቅ ባልሆነው በጣና ዳር ሌላ ሰው ሌላ ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ይህም ሰው የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ነው። አለቃ ገብረ ሐና በጎንደር በአታ ለማርያም ያስተማሩ፣ በአቋቋምና በፍትሐ ነገሥት የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ስማቸውን የሚያውቀው በቀልዳቸው ነው። በየቡናው ቤትና በየሰርጉ ቤት የሚነገረው ቀልድ ሁሉ የእርሳቸው ይሁን የሌላ ሰው፣ ስማቸው ከሣቅ ጋራ ተጣብቆ ቀርቷል። ሣቁ ብዙ በመሆኑም በቤተ ክርስቲያን የተዉት ታላቁ ሥራ በብዙ ሰው ዘንድ ተረስቷል።

እንደሚነገረው አለቃ ገብረ ሐና በጣና ባሕር ዳር በተቀመጡበት ጊዜ በውሃው ዳር የበቀለው ሸንበቆ ነፋስ ሲነካው እንዴት እንደሚያዘነብል፣ ማዕበሉም ወደ ዳር መጥቶ እንዴት እንደሚመለስ ተመለከቱ። ሸንበቆው አይሰበርም፤ ከሥሩም አይነቀልም፤ ወዲያና ወዲህ ብሎ ተመልሶ ይቆማል። ሊቁ ይህን ባዩ ጊዜ ፍጥረት በየዕለቱ የሚያደርሰውን ማሕሌት አስተዋሉ። መቋሚያቸውንም ይዘው እንደ ሸንበቆው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ በመዘንበል አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ይህ ነገር በአንድ ቀን የተደረገ ተአምር አይምሰል። የዕድሜ ልክ የማሕሌት ትምህርት ያለፈበት ሰው ስለ ነበሩ ነው ነፋሱ ለእርሳቸው ዜማ የሆነላቸው። በዚያው ዳር ሸንበቆውን በየዕለቱ የሚያዩት ታንኳ ቀዛፊዎች ብዙ ነበሩ፤ ለእነርሱ ሸንበቆው ሸንበቆ ብቻ ነበረ።

አለቃ ይህን ስልት ወደ ጎንደር ይዘው በመጡ ጊዜ ግን የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ከአባቶች የወረስነው አቋቋም ይበቃናል ብለው መለሱት። እዚህ ላይ አንባቢው ፈጥኖ አንዱን ወገን ጻድቅ፣ ሌላውን ወገን ኃጥእ እንዳያደርግ ያስፈልጋል። የጎንደር ሊቃውንት የተሰጣቸው አደራ መጠበቅ ነው፤ አንድ ሰው ሰማሁ ያለውን ሁሉ ወደ መቅደስ ቢያስገቡ ኖሮ ከቅዱስ ያሬድ የመጣው ዜማ ከብዙ ዘመን በፊት በጠፋ ነበር። አለቃም የሰሙትን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን አልወጡም፤ ሌላ ማኅበር አላቆሙም፤ የናቋቸውንም ሊቃውንት በዐደባባይ አልከሰሱም። የሰሙትን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ዝምም አሉ።

አለቃ ተክሌም ይህን አቋቋም በደብረ ታቦር አስተማሩ። ደብረ ታቦር ተቀበለችው፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስም የዚህ ስልት መምህራን መገኛ ሆና ታወቀች። ከዚያም ተማሪዎች ወደየአገራቸው ይዘውት ሄዱ። ዛሬ በኢትዮጵያ በታላላቅ አድባራት በዓል ሲከበር ካህናቱ በነጭ ልብስ ተሰልፈው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ እንደ ባሕር ዳር ሸንበቆ በአንድነት ሲያዘነብሉ የሚታዩት በዚህ ስልት ነው። ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ እንጂ የገብረ ሐና አቋቋም አልተባለም። የሰማው አባት ነው፤ ያደረሰው ልጅ ነው፤ የተቀበለው ሕዝብ ነው። የእግዚአብሔር የሆነ ነገር በአንድ ሰው ስም ታስሮ አይቀርም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሰው የሰማው ድምፅ ከእግዚአብሔር ወይም ከራሱ ልብ መሆኑን የሚለይባቸው ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። መጀመሪያው፣ ከአባቶች የተቀበልነውን አያፈርስም። የተክሌ አቋቋም የቅዱስ ያሬድን ቃል አልለወጠም፤ ሦስቱንም የዜማ ስልቶች አልነካም፤ የአካሉን እንቅስቃሴ ብቻ ለቃሉ አገልጋይ አደረገው። ሁለተኛው፣ የሰማውን ሰው ትዕግሥተኛ ያደርገዋል። ድምፁ የራሱ የሆነ ሰው ወዲያው ካልተቀበሉት ይቈጣል፤ ድምፁ የእግዚአብሔር መሆኑን የሚያምን ሰው ግን ጊዜውን ለባለ ቤቱ ይተዋል። ሦስተኛው፣ ፍሬው ለሌላው ሰው ይደርሳል። ሰሚውን ብቻ የሚያከብር ድምፅ ይጠረጠራል፤ ማኅበሩን አንድ አድርጎ የሚያቆም ድምፅ ግን ይታመናል።

የቅኔ መምህራን ተማሪውን ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩት ወርቁ ከሰሙ ውጭ እንደማይገኝ አስቀድመው ይነግሩታል። ሰሙን የናቀ ወርቁን አያገኝም፤ በሰሙ ላይ የቀረም ወርቁን አያይም። የክርስቲያን የዕለት ኑሮም እንዲሁ ነው። እርሻው፣ ገበያው፣ የልጅ ሕመም፣ የጎረቤት ጠብ፣ የጾሙ ረኃብ፣ የንስሐ አባት ተግሣጽ፣ የሽማግሌ የዕርቅ ቃል፣ ይህ ሁሉ ሰም ነው። የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ውስጥ ተሰውሮ ይቀመጣል። ድንበር የገፋ ሰው ጎረቤቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ አቤት ሲል ቢሰማ፣ የሰማው የጎረቤቱን ድምፅ ብቻ ነውን? በደመወዝ ላይ የተከለከለ ሠራተኛ ጩኸት ወደ ሰማይ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሯል። ወደ እግዚአብሔር ጆሮ የሚደርሰው ጩኸት ወደ ክርስቲያን ጆሮ ሳይደርስ ቢቀር፣ ያ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ምን እንደሚሰማ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

በዚህ ዘመን በብዙ ደብር ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። ስብከቱም ቅዳሴውም ወደ ሩቅ ይሰማል። ይህ መልካም ነው፤ ሽማግሌና በሽተኛ በቤታቸው ሆነው ይጠቀማሉና። ነገር ግን ድምፅ ማጉያ ድምፅን ያጐላል እንጂ ጆሮን አይከፍትም። ጆሮ የሚከፈተው በጥንቱ መንገድ ነው፤ ይኸውም በዝምታ፣ በመምህር እርማት፣ በድኻው ልመና፣ በትዕግሥትም ነው። ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የሕንፃውን ዕድሜ ይቈጥራል፤ መቍጠሩም ተገቢ ነው። ከዚህ ጋራ ግን በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠርቶ ስንት ጊዜ አቤት እንዳለ ቢመረምር የኢዮቤልዩው ወርቅ ይገለጥለታል።

ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ድምፁን ከሰሙ በኋላ በተራራው ላይ አልኖሩም። ጌታ ዳስሷቸው ተነሡ፤ ቀና ብለውም ባዩ ጊዜ ከኢየሱስ ብቻ በቀር ማንንም አላዩም። ከተራራውም በወረዱ ጊዜ ከታች የጠበቃቸው ልጁ የታመመበት አንድ አባት ነው። ከላይ ከደመና የመጣው ድምፅ ጌታን እንዲሰሙ አዘዘ፤ ከታች የመጣው ድምፅ ስለ ልጁ ይለምን ነበር። የላይኛውን በእውነት የሰማ ሰው የታችኛውን ሳይሰማ ሊያልፍ አይችልም። የደብረ ታቦር ልጆችም በየዓመቱ በነሐሴ 13 ቀን ጅራፋቸውን ካጮኹ በኋላ ከኮረብታው ወርደው በየደጁ ይቆማሉ፤ በየቤቱም ሙልሙል ይሰጣቸዋል። በዓሉ የሚፈጸመው በተራራ ላይ ሳይሆን በደጅ ላይ ነው።